ከደማም ወደ አውሮፓ በራስ መጓዝ፦ የሚወራውና እውነታው

በሳውዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በተለይም በደማም፣ በኮባርና በዳህራን ሠርተው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የአውሮፓን ጉዞ ሲያነሡ፣ ጉዞው በሁለት መንገድ ብቻ የሚፈጸም ይመስላቸዋል፤ አንደኛው ደላላ ገንዘብ ተቀብሎ ሁሉን ነገር «የሚጨርስበት»፣ ሁለተኛው ደግሞ አስጎብኚ ድርጅት ሰውን በቡድን ይዞ የሚያዞርበት ነው። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ተጓዡ ደንቡን ራሱ አንብቦ፣ በራሱ ስም አመልክቶ፣ ማደሪያውንና ባቡሩን ራሱ መርጦ፣ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ከሰፈር ገበያ እየሸመተና እያበሰለ እንደ አገሬው ሰው የሚሰነብትበት ጉዞ፣ ለሌሎች ሕዝቦች ብቻ የተፈቀደ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንን እምነት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደ አውሮፓ መጓዝ ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ እውነተኛዎቹ እንቅፋቶች በወሬ ከሚነገሩት የተለዩ ናቸው፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው በሌለ ክልከላ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ያለውን ክልከላ ደግሞ ሳያውቀው ይሰናከልበታል።

«የዓለም ትልቁ አየር ማረፊያ ስለሆነ ከደማም የትም በቀጥታ ይበረራል»

የኪንግ ፋህድ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በመሬት ስፋት ከዓለም ቀዳሚ መሆኑ እውነት ነው። ይዞታው 776 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ከተማ የቆዳ ስፋት እንኳ ይበልጣል። ነገር ግን ከዚህ መሬት አብዛኛው ገና ያልተገነባበት በረሃ ነው፤ ስፋቱም የሚናገረው ስለ ይዞታው እንጂ ስለ በረራው ብዛት አይደለም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው ይህ አየር ማረፊያ ሥራው ገና ሳይጠናቀቅ በ1990 እና በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ የጥምር ጦሩ የአየር ኃይሎች ተጠቅመውበታል፤ ለመንገደኞች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999፣ የዳህራንን የቀድሞ አየር ማረፊያ ተክቶ ነው።

ከደማም ወደ አውሮፓ የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በኢስታንቡል፣ በዶሃ፣ በዱባይ ወይም በካይሮ ያልፋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ደማምን ከአዲስ አበባ ጋር ስለሚያገናኝ፣ ቤተሰብ ጠይቆ ከዚያ ወደ አውሮፓ መቀጠል ይቻላል። መተላለፊያውን መምረጥ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ዜጎቻቸው በአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸውን 12 አገሮች ዘርዝሯል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ይህ ፈቃድ የአየር ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ይባላል። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ የጸና የሸንገን ቪዛ (ከታች ይብራራል) የያዘ ሰው አይጠየቅም። ሸንገን ቪዛ የሌለው ኢትዮጵያዊ ግን በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሌላ አህጉር የሚያደርስ ርካሽ ትኬት ስላገኘ ብቻ ቢገዛ፣ ከደማም ሳይነሣ በመሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ሊመለስ ይችላል። እንዲሁም 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውንና እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተውን የኪንግ ፋህድ ድልድይ ተሻግሮ ከባህሬን ለመብረር የሚያስብ ሰው፣ ባህሬን ሌላ አገር ስለሆነች የመግቢያ ደንቧን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

«ቪዛው የሚጠየቀው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሚያስገኘውም ደላላ ነው»

የሸንገን ቪዛ የሚባለው በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ያነሡ 29 የአውሮፓ አገሮች በአንድ ሕግ የሚሰጡት የአጭር ጊዜ ፈቃድ ሲሆን፣ ከእነዚህ አገሮች 25ቱ የአውሮፓ ኅብረት አባላት፣ አራቱ ማለትም ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ስዊዘርላንድና ሊክተንስታይን ግን ከኅብረቱ ውጭ ያሉ ናቸው። ብሪታኒያና አየርላንድ በዚህ ክልል ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ለለንደን ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያና ሌላ ውሳኔ ያስፈልጋል። ማመልከቻው መቅረብ ያለበት አመልካቹ በሕጋዊነት በሚኖርበት አገር ላለው ቆንስላ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቪዛ ሕግ ይደነግጋል። በመሆኑም የጸና ኢቃማ፣ ማለትም የሳውዲ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅበትም። ኤምባሲዎቹ ሪያድ ቢሆኑም፣ የበርካታ አገሮችን ማመልከቻ የሚቀበሉና የጣት አሻራ የሚወስዱ ማዕከላት በኮባር ውስጥ አሉ። አንድ ጊዜ የተሰጠ አሻራም ለ59 ወራት ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እነዚህ ማዕከላት ሰነድ ይቀበላሉ፣ ክፍያ ይሰበስባሉ፣ ፓስፖርት ይመልሳሉ እንጂ በቪዛው ላይ የመወሰን ሥልጣን የላቸውም፤ ውሳኔው የቆንስላው ብቻ ነው። ማዕከሉ ውስጥ «ሰው አለኝ» የሚል ደላላ፣ እውነቱን ቢሆን እንኳ የሚያውቀው ሰው ሊወስንለት አይችልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዳንድ ደላሎች የሚያዘጋጁት የሐሰት የሥራ ደብዳቤና ከተሠራ በኋላ ወዲያው የሚሰረዝ የሆቴል ቦታ ማስያዣ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ የተገኘበት ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በሁሉም የሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መረጃ ቋት ተመዝግቦ ለአምስት ዓመታት ይቆያል። ደላላው ስልኩን ቀይሮ ይሰወራል፤ መዝገቡ ግን የሚቀረው በተጓዡ ስም ነው። በብዙ ወራት ላብ የተጠራቀመ ደመወዝ በዚህ መንገድ ሲባክን ማየት ያሳዝናል፤ በተለይም መደበኛው የቪዛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ መሆኑና የማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመርበት እንኳ ደላላው ከሚጠይቀው ጋር የማይነጻጸር መሆኑ ሲታወቅ።

ሌላው ወሬ «ቪዛ በቀላሉ የሚሰጠውን አገር ፈልግ» የሚለው ነው። ሕጉ ምርጫውን ለተጓዡ አልተወውም፤ ማመልከቻው የሚቀርበው የጉዞው ዋና መድረሻ ለሆነው አገር፣ ይህ የማይለይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሚገባበት አገር ነው። ዐሥር ቀን ጣሊያን፣ ሁለት ቀን ኦስትሪያ ለመቆየት ያሰበ ሰው ለጣሊያን ያመለክታል፤ የጉዞ ዕቅዱ አንድ ነገር፣ ማመልከቻው ሌላ ነገር ሲናገር የሚነሣው ጥርጣሬ በራሱ ለመከልከል በቂ ነው።

የመጋበዣ ደብዳቤ ግድ ነው መባሉም ስሕተት ነው። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው የማደሪያውን ማስረጃ፣ የጉዞ ዕቅዱን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን፣ የገቢውን ማስረጃና የመመለሻ በረራውን ቦታ ማስያዣ ካቀረበ ጋባዥ አያስፈልገውም። ትኬቱም ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት ተገዝቶ ማለቅ የለበትም፤ ቦታ ማስያዣ ይበቃል። ጋባዥ የሚያስፈልገው በዘመድ ቤት ለሚያርፍ ሰው ሲሆን፣ እዚያም ቢሆን ተራ ደብዳቤ ላይበቃ ይችላል። በፈረንሳይ ተቀባዩ ከሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት 30 ዩሮ ከፍሎ የተረጋገጠ የእንግዳ መቀበያ ሰነድ ያወጣል፤ በጀርመን ደግሞ ዘመድ የእንግዳውን ወጪ ለመሸፈን ሲስማማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል።

«ባንክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ከታየ ይበቃል»

ከወዳጅ ዘመድ ተበድሮ ሒሳቡን በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚሞላ ሰው የሚጠቀም መስሎት ራሱን ይጎዳል። መርማሪው የሚያየው የመጨረሻውን ድምር ብቻ ሳይሆን የወራቱን እንቅስቃሴ ነው፤ ድንገት የገባና ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሣል። መጠነኛ ቢሆንም በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የሚገባ ደመወዝ ከዚህ የበለጠ ይመሰክራል፤ የሳውዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ድርጅቶች ደመወዝን በባንክ እንዲከፍሉ የሚያደርገውን የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት ሥራ ላይ ማዋሉም ለድርጅት ሠራተኞች ይህንን ማስረጃ አቅርቦላቸዋል። ለቀን ወጪ የሚጠየቀው መጠን በየአገሩ ይለያያል፤ ፈረንሳይ ለምሳሌ የሆቴል ማስረጃ ካለው ሰው በቀን 65 ዩሮ፣ ከሌለው 120 ዩሮ፣ በተረጋገጠ የዘመድ ግብዣ ከሚያርፈው ደግሞ የ65ቱን ግማሽ ትጠይቃለች።

ብዙዎች የሚከለከሉት በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ቆንስላው «ቪዛው ከማለቁ በፊት ይመለሳል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከመመለሻው ቀን በኋላም የሚጸና ኢቃማ፣ የሥራ ውልና አሠሪው ፈቃድ መስጠቱንና ሠራተኛው ወደ ሥራው እንደሚመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ከብዙ ገንዘብ በላይ ዋጋ አላቸው። የተከለከለም ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ ጉድለቱን አስተካክሎ እንደገና ማመልከትም አልተከለከለም።

«ቪዛው ከተገኘ በኋላ እንደ ልብ መውጣትና መግባት ይቻላል»

እውነተኛው እንቅፋት ያለው እዚህ ነው፤ በወሬው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገም በሚል ምክንያት፣ በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ ጊዜያዊ የቪዛ ገደብ ጥሏል። በዚህ ውሳኔ መሠረት መደበኛው የ15 ቀን የምርመራ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ሰነዶችን በመቀነስ የሚደረገው ማቅለያ ቀርቷል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ በመደበኛው መንገድ መስጠትም ታግዷል። መንግሥታት ባልተግባቡበት ጉዳይ ደንቡን አክብሮ የሚሄደው ተራ ሰው ዋጋ መክፈሉ ፍትሐዊ አይመስልም። ሆኖም ውሳኔው እስኪነሣ ድረስ ተጓዡ ዕቅዱን በዚህ ልክ ማውጣት ይኖርበታል፤ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ስድስት ወር አስቀድሞ ማቅረብ ስለሚቻል፣ ለዓመት ዕረፍቱ የሚጓዝ ሰው ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የጉዞውን መስመርም ይወስናል። ከፓሪስ ወደ ሮም መሄድ በክልሉ ውስጥ መንቀሳቀስ ስለሆነ ምንም አይነካም፤ ከሮም ወደ ለንደን፣ ወደ ቤልግሬድ ወይም ወደ ቲራና የወጣ ሰው ግን የብሪታኒያ፣ የሰርቢያ ወይም የአልባኒያ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ወደ ሸንገን ተመልሶ መግባት አይችልም። በቪዛው ላይ የተጻፉት ቀኖችና የተፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቪዛው ለ30 ቀን የጸና ሆኖ የተፈቀደው ቆይታ 15 ቀን ሊሆን ይችላል። ድንበር ወጥቶ በመመለስ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል የሚለው ወሬም መሠረት የለውም፤ ሕጉ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን የማይበልጥ ቆይታ ስለሚል፣ የሚቆጠረው ሁልጊዜ ወደ ኋላ 180 ቀን ተመልሶ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ሥራ የጀመረው የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት ደግሞ የፓስፖርት ማኅተምን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ እየተካ በመሆኑ፣ አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው ሳይታወቅበት ይወጣል ብሎ ማሰብ ከእንግዲህ አይቻልም።

«ኢቃማ ካለ መመለስ አያስቸግርም»

ኢቃማ በሳውዲ ለመኖር እንጂ ወጥቶ ለመመለስ ብቻውን አያገለግልም። በሠራተኞች ዘንድ በዐረብኛ ስሙ «ኹሩጅ ወ አውዳ» የሚባለው የመውጫና መመለሻ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ጊዜ ጉዞ እስከ ሁለት ወር 200 ሪያል፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ወር 100 ሪያል ይከፈልበታል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሥራ ላይ የዋለው የሠራተኛ ሕግ ማሻሻያ፣ በግል ድርጅቶች የሚሠሩ የውጭ ዜጎች የአሠሪያቸውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ይህንን ቪዛ አብሸር በተባለው የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ራሳቸው እንዲጠይቁ ፈቅዷል።

ይሁን እንጂ ማሻሻያው የቤት ሠራተኞችን፣ የቤት ሾፌሮችን፣ አትክልተኞችንና እረኞችን አልጨመረም፤ በምሥራቃዊው ግዛት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ደግሞ በዚህ ክፍል ውስጥ ናቸው። ለእነርሱ ጉዞው አሁንም በዐረብኛ «ከፊል» በሚባለው አሠሪ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። «ማንም በራሱ መጓዝ ይችላል» ብሎ ያለ ገደብ መናገርም ስለዚህ «ማንም አይችልም» ከሚለው ወሬ ያልተናነሰ ስሕተት ነው፤ በድርጅት የተቀጠረ ቴክኒሻንና በአንድ ቤት የምትሠራ እህቱ አንድ ዓይነት ፓስፖርት ይዘው በአንድ ከተማ ቢኖሩም፣ በሕግ ፊት ያላቸው የመንቀሳቀስ ነፃነት እኩል አይደለም። ፓስፖርት ለማሳደስ ደግሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ በሪያድ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መድረስ ስለሚያስፈልግ፣ ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚጸና መሆኑን አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው።

«እንደ አገሬው ሰው መኖር ማለት አፓርታማ መከራየት ነው»

በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይቶ መሰንበት የአገሬውን ሕይወት ለማየት ብቸኛው መንገድ ተደርጎ ይነገራል። አገሬው ራሱ ግን በዚህ ላይ ቅሬታ አለው። ለእንግዶች በቀን የሚከራዩ ቤቶች ሲበዙ ለነዋሪው የሚተርፈው ቤት ያንሳል፣ ኪራይም ይወደዳል፤ ስለዚህ ባርሴሎና እስከ 2028 መጨረሻ ከ10,000 በላይ የሚሆኑ የቱሪስት አፓርታማዎችን ፈቃድ ላለማደስ እ.ኤ.አ. በ2024 ማቀዷን አስታውቃለች፣ አምስተርዳም ደግሞ ነዋሪ የራሱን ቤት በዓመት ከ30 ሌሊት በላይ ለጎብኚ እንዳያከራይ ከ2019 ጀምሮ ገድባለች። ፈቃድ የሌለው ቤት የተከራየ እንግዳ ለቪዛው ያቀረበው የማደሪያ ማስረጃም ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የጋራ ወጥ ቤት ያላቸው ሆስቴሎች ለብቻው ለሚጓዝ ሰው የተሻሉ ናቸው፤ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ማስረጃቸው የታወቀ ነው፣ ተጓዡም የራሱን ሽሮ ሠርቶ ይበላል። እንደ አገሬው መኖር ከመዝገብ ውጭ መኖር ማለትም አይደለም፤ በጣሊያን ለምሳሌ ቤቱን ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ሰው የእንግዶቹን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ስላለበት፣ ፓስፖርት ሲጠየቅ መደንገጥ አያስፈልግም።

የአገሬው ኑሮ ከቤቱ ይልቅ በልማዱ ይገለጣል። ሱቆችና የገበያ ማዕከሎች እስከ እኩለ ሌሊት ሲከፈቱ ማየት የለመደ የኮባር ነዋሪ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ እሑድ ሱቅ ሁሉ ለማለት ይቻላል ዝግ መሆኑን ካላወቀ ቅዳሜ ማታ ሳይሸምት ይቀራል። በጀርመን የከተማ ባቡር ጣቢያዎች ላይ በርና ጠባቂ አለመኖሩ ጉዞው በነፃ መሆኑን አያመለክትም፤ ያለ ትኬት የተገኘ ሰው 60 ዩሮ ይቀጣል፣ በወረቀት የተገዛውንም ትኬት በብዙ ከተሞች ከመሳፈር በፊት በማሽን ማስመታት ግዴታ ነው። በሉክሰምበርግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አውቶቡስና ባቡር ለነዋሪውም ለእንግዳውም ነፃ ነው። በአንድ ትኬት በብዙ አገሮች ለመጓዝ የሚፈልግ ሰው ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ነዋሪዎች ብቻ የተዘጋጀ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ከደማም የሚመጣ ተጓዥ የሚገዛው ዩሬይል የተባለውን ነው። በእግር መሄድ ደግሞ በሳውዲ ከተሞች ሙቀትና ሰፊ አውራ ጎዳና የተነሣ የተረሳ ልማድ ቢሆንም፣ በአውሮፓ የድሮ ከተሞች ውስጥ ዋናው መጓጓዣ እርሱ ነው። ናፍቆት የበረታበት ሰው በሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አያጣም።

«ለዘመድ የሚወሰድ ምግብ ማንም አይነካውም»

በአዲስ አበባ በኩል ለሚያልፍ ተጓዥ ይህ ወሬ ብዙ ያስከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት በሽታን ለመከላከል ሲል ከኅብረቱ ውጭ የሚመጡ መንገደኞች ሥጋና የወተት ውጤት እንዳያስገቡ ስለሚከለክል፣ ለእህት ወይም ለአክስት የተቋጠረ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤና አይብ፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ፣ በጉምሩክ ይወረሳል፤ ሳያሳውቅ የተገኘበት ሰውም ሊቀጣ ይችላል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ በርበሬና ሽሮ ከእንስሳት የተገኙ ስላልሆኑ በዚህ እገዳ ውስጥ አይገቡም። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ሲያስፈልገው፣ ሕጉ አምስት ፍሬዎችን ነፃ አድርጓል፤ እነርሱም አናናስ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያንና ተምር ናቸው። ከደማም በስተ ደቡብ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሠፈረው የአል አሕሳ የተምር ምድር ደግሞ ኸላስ በተባለው ተምሩ የታወቀ ስለሆነ፣ ከምሥራቃዊው ግዛት የሚነሣ ተጓዥ በአውሮፓ ለሚቀበለው ዘመዱ ያለ ምንም የምስክር ወረቀት ይዞለት መግባት የሚችለው ስጦታ በደጁ አለ።